ሦስት ቋንቋ የሚችለው አጥር

እኔ ምለው፣ አጥር አናግሯችሁ ያውቃል? አትሳቁ። እኔን አናግሮኛል፤ ያውም በሦስት ቋንቋ። ጠዋት በአማርኛ ዜና ያነብልኛል፣ ረፋዱ ላይ በኦሮምኛ ይዘፍንልኛል፣ ከሰዓት ደግሞ ወደ ሶማሊኛ ይዞራል። እኔ ትምህርትን የተሰናበትኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። አጥሩ ይበልጠኝ ነበር ማለት ነው።

ድሬ ላይ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ባጃጅ ነድቻለሁ፣ የሞባይል ቀፎ እያዞርኩ ሸጫለሁ፣ ሁርሶ ድረስ ሐብሐብ ጭኜ ሄጃለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ይኼን የሚያውቅ አጎቴ "እግርህን የሚያስር ሥራ አገኘሁልህ" ብሎ፣ ከሳቢያን ሰፈር ወጣ ብሎ ያለ የራዲዮ ማማ ጥበቃ አስገባኝ። የቀን ጥበቃ። አንድ ረጅም ማማ፣ አንድ የተቆለፈ የማሽን ቤት፣ የእኔ ወንበር፣ ፀሐይ። በቃ። ማማ ማን ይሰርቃል? ሌባ እንኳ ቢመጣ "ግባ፣ ተጫወት" የምለው ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከራሴ ጋር ተጣላሁ፣ ታረቅኩ፣ ደግሞ ተጣላሁ። በሁለተኛው ሳምንት አጥሩ ተናገረ።

አጥሩ የዛገ የሽቦ ወንፊት ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ማማው ሥር ገብቷል ማለት ይቻላል። አንድ ማሰሪያ ላልቶ እዛች ጋ ብልጭታ ትንጣጣለች፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ጥዝዝታው ውስጥ ሰው ያወራል። ጂን ነው ብዬ ቢስሚላሂውንም በስመ አቡንም ደባለቅኩት። ረጋ ብዬ ስሰማ ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። ጂን ስለ ዝናብ ምን ቸገረው?

ነካ ሳደርገው ጣቴን እንደ ንብ ነደፈኝ። ለአለቃዬ ብነግረው አጥሩን ይቀይሩታል። ስለዚህ "የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው ያቃጠለኝ" አልኩት። ያለኝ ጓደኛ አጥሩ ብቻ ነው፤ ትንሽ ቢናከስ ምን አለበት?

ሂቦን ያመጣልኝም እሱ ነው። ሂቦ የግመል ወተት ሻጭ ናት። ጠዋት ከተማ ገብታ ትሸጣለች፣ ከሰዓት ባዶ ዕቃዋን ይዛ በእኛ በኩል ወደ ቤቷ ታልፋለች። አንድ ቀን አጥሩ ሶማሊኛውን ሲያወራ ደርሳ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ዋሪያ!" አለችኝ፤ አንተ ልጅ እንደማለት ነው። "አጥርህ ሶማሌ ነው እንዴ?"

"ከሰዓት ብቻ" አልኳት።

ከዛ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትቆም ጀመር። እሷ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ። ትተረጉምልኛለች። ስትዋሽ አውቅባታለሁ። ሰውየው ኮስተር ብሎ የሚያነበውን ዜና እሷ "ጥበቃው ፀጉሩን ይስተካከል እያለ ነው" ትለኛለች።

አንድ ከሰዓት የብረት ወተት ዕቃዋን አጥሩ ላይ ልታስደግፍ ስትል "ቷ!" አለ። እጇን እያራገፈች ዘለለች። "አቦ፣ ነከሰኝ!" ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። መዳፏ ላይ ነጭ ነጥብ አየሁ፤ ጣቴ ላይ ያለችዋን የምትመስል።

በዛው ሳምንት የማማው ኢንጅነር አጥሩ ዝጓል ብሎ፣ ከኮንትራክተር ጋር ምትኩን ሊመርጥ መጣ። ኮንትራክተሩ "ቆርቆሮ እናልብሰው፣ በሦስት ቀን ያልቃል" አለ። ኢንጅነሩ እምቢ አለ። ማማው ከላይ እስከ ታች ራሱ አንቴና ነው፣ አጠገቡ ያለ ብረት ሁሉ ጉልበቱን ይቀበላል ብሎ አስረዳው። ከዛ ወደ እኔ ዞረ።

"ወንድሜ፣ ሽቦው አስቸግሮህ ያውቃል? ካላስቸገረ ለዘንድሮ ይቆይ።"

"አላስቸገረኝም" ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት፤ ጓደኛዬም ይተርፍልኛል፣ ሂቦም ትቆምልኛለች። ጣቴን አየሁ። መዳፏን አሰብኩ።

"ያቃጥላል" አልኩ። "ሰውም ነክሷል።"

እንጨት ተመረጠ። ኢንጅነሩ ነፋስ እንዲያሳልፍ በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ይተውለት አለ። እኔ ደግሞ አንዴ አዋቂ ሆኛለሁ! "ኧረ ጥብቅ ይደረግ፣ ጣት እንኳ እንዳያሾልክ" ብዬ ድርቅ አልኩ። "ለሰው የሚያስብ ጥበቃ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እንዳልኩትም ሆነ።

አጥሩ ሲያልቅ ግቢው ጸጥ አለ። ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጠፍኩ። እንጨት ምንም አይልም። ሁለት ቀን የሂቦ ነጠላ ጫማ ሳይቆም ሲያልፍ ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ራዲዮ ተውሼ አጥሩ ላይ ሰቀልኩና ሶማሊኛው ሲጀምር ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ኮቴዋ ቆመ።

"ዋሪያ፣ ምንድነው እሱ?"

"አጥሩ ነዋ። ተሻለው።"

"ራዲዮ ነው" አለች ከጣውላው ወዲያ። "ራዲዮማ ቤቴም አለ።" ኮቴዋ ራቀ።

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ቤቷ ራዲዮ ካለ፣ ያን ሁሉ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ቆማ ምን ስትሰማ ነበር? አቦ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቆም እንዲህ ሰውን ያዘገያል! ሽቦው የሚናገር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚያሳይም ነበር።

ኢንጅነሩ ልክ ነው፣ አጥር ክፍተት ያስፈልገዋል። ለነፋስ ብሏል፤ እሺ፣ ለነፋስ ይሁን። ዛሬ ጠዋት የጥበቃ መዝገቡ ላይ "በመንገዱ በኩል አንድ ጣውላ ወልቋል፣ ምክንያቱ አልታወቀም" ብዬ ጽፌያለሁ። መዶሻው ወንበሬ ሥር ነው። ፀጉሬንም ተስተካክያለሁ።