ለሚስተር ክሎዝሊ የተተከለው ድንኳን

መጀመሪያ የጉዳዩን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ።

እኔ። ፍኖተ ሰላም የምኖር፣ በርና አልጋ የምሠራ አናጺ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ እንግሊዝኛን ለብቻዬ ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። በዚህ ገጽ በየሳምንቱ ምክር የሚለጥፍባችሁ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ስመኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ኖራለች። ሌላ ምስክርነት አያስፈልጋትም።

እማሆይ የሻረግ። የግድግዳ ጎረቤታችን፣ መነኩሲት።

አቶ አላምረው። የእድራችን ጸሐፊ፣ ባለሱቅ። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው።

ብርቱካን። ልጄ። ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ካኮረፈችኝ ዓመት ሊሞላት ነው።

ሚስተር ክሎዝሊ። እንግሊዛዊ። የገጠር ባቡር ጣቢያ ኃላፊ። ሟች።

እንግዲህ ያዙኝ። ዛሬ ደጃፌ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። በሰፈሩ ግን የሞተ ሰው የለም!

ከሥሩ ልጀምር።

ድራማ የምጠላ ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ። ስለ ጎጂነቱ የጻፍኩትን ሼር ያደረጋችሁም አላችሁ። አምና ብርቱካን የቱርክ ድራማ ላይ ተተክላ አገኘኋትና የዲሹን ገመድ ቆረጥኩት።

በመጋዝ።

አልጮኸችም። ልብሷን ሰብስባ ቡሬ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ነው። ስመኝ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ የማላዳምጥ እመስላለሁ።

ገመዱን በኋላ ራሴው ቀጠልኩት። ለዜና ብዬ ነው። ዜና ስፈልግ አንድ ቻናል ላይ ጣቴ ቆመ። የድሮ የእንግሊዝ ፊልምና ድራማ እየደጋገመ የሚያሳይ ቻናል ነው። ግማሹ ጥቁርና ነጭ ነው። ዝናብ አለ፣ የድንጋይ አጥር አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው አለ። ሰዎቹ ሲጣሉ እንኳ መጀመሪያ የሻይ ሲኒያቸውን ያስቀምጣሉ።

ይህማ ድራማ አይደለም አልኩ። ትምህርት ነው!

(ሳቁ፤ ዛሬ ተራችሁ ነው።)

አንድ ከሰዓት በኋላ እማሆይ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ብለው በዚያው ቁጭ አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን የሸፈኑ መሆናቸውን አይተው፣ እነዚህስ ጨዋ ልጆች ናቸው ብለው መረቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተርጓሚያቸው ሆንኩ።

እውነቱን ልናገር፤ እንግሊዝኛው ሁሉ አይገባኝም። ያልገባኝን ቦታ በራሴ ምክር እሞላዋለሁ። ስለዚህ የአንዱ ድራማ ባለታሪክ ሚስተር ክሎዝሊ በእኔ ትርጉም ወጣቶችን ማልዳችሁ ተነሱ እያሉ ይገሥጻሉ። ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ።

እማሆይ ወደዷቸው። «አያ ባቡሩ» ነው የሚሏቸው።

አያ ባቡሩ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ተቆጥታ ለንደን የሄደችባቸው ሰው ናቸው። ባቡር በመጣ ቁጥር ኮታቸውን አስተካክለው ይወጣሉ። ሌላ ሰው ይወርዳል። ልጅቷ አትወርድም። ተመልሰው ይገባሉ።

ይህ ታሪክ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ለራሴ እንዲያ ነበር የምለው።

ዛሬ ሰውዬው ታመው ተኝተዋል። ከሩቅ የባቡር ጡሩምባ ተሰማ። ዓይናቸውን ከፍተው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ከዚያ ፀጥ አሉ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ገብታኛለች። ቃል በቃል።

እማሆይ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ልተረጉምላቸው ስል እንባዬ ወረደ። እማሆይ እኔን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ጮኹ።

ከመመንኮሳቸው በፊት የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ድምፃቸው ግን አልመነኮሰም።

የእኛን ደንብ ታውቃላችሁ። ጩኸት የሰማ ሰው በር ላይ ቆሞ ማን ሞተ አይልም፤ ነውር ነው። እያለቀሰ ይገባል፣ የሚያጣራው ቆይቶ ነው። ስመኝ ከጓሮ ሮጣ ገብታ እኛን አይታ አለቀሰች። ጎረቤቱ ስመኝን አይቶ አለቀሰ። ከመንገድ ወዲያ ያለው ጎረቤቱን አይቶ አለቀሰ።

እኔስ ምን አደረግሁ?

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ!

አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ያበቃ ነበር። ግን ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ፣ ድራማ የሚያይ አባወራ ቤቱን ማስተዳደር አይችልም ያልኩት እኔው ነኝ። በምን አንደበቴ ልናገር? አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ወጣቶቹ ድንኳኑን ወጠሩ። ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ።

የከፋው ገና ነው።

አቶ አላምረው ሟቹን አያውቅም። እኔን ሳለቅስ አይቶኝ ስለማያውቅ ግን፣ ይህስ የቅርብ ሥጋ ነው ብሎ ለብርቱካን ደወለ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው መንገድ ላይ እንዳይጎዳ፣ እገሌን ትንሽ አሞታል ተብሎ ነው የሚጠራው። አላምረው የማንን ስም ያስገባ? የእኔን አስገባ።

«አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፤ ብቅ በይ።»

ይህን የሰማ የጎጃም ልጅ ምን እንደሚረዳ ለእናንተ አልነግርም።

ልጄ እኔን ቀብራ ነው ከቡሬ የተነሳችው።

ሚኒባስ አጥታ በርበሬ የጫነ ኢሱዙ ለምና ጋቢና ገባች። መንገዱን ሙሉ ስታነጥስና ስታለቅስ መጣች። እኔ በመጨረሻ ወኔ አግኝቼ ለአላምረው እውነቱን ልነግረው ወጣሁ። ድንኳኑ አፍ ላይ ስደርስ መኪናው ቆመ።

አባባዬን እያለች ወረደች። አየችኝ። ቆመች።

ማየቱ አልበቃትም። ቀርባ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው።

«አባባ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

በዓመት ውስጥ የተነጋገርነው ይህ ብቻ ነው።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ለካ ሁሉም ይህንኑ ለመጠየቅ ሲቁነጠነጥ ነበር!

እማሆይ ከውስጥ ቀድመውኝ መለሱላት።

«አያ ባቡሩ ናቸው፣ ልጄ። እንግሊዙ። በቴሌቪዥን ያሉት።»

ብርቱካን ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ድራማ ያያሉ?»

እድሩ ሙሉ ተቀምጧል። ቄሱም አሉ። በር ያሠሩኝ ደንበኞቼም አሉ።

«አያለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ስመኝ ናት፤ እያለቀሰች። ከዚያ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽማግሌ፣ ለመሆኑ ሰልስቱ ለንደን ነው ወይስ እዚሁ ብለው አላምረውን ጠየቁት። አላምረው መዝግቦት የነበረውን ሲሰርዝ አየሁት።

ያልሳቁት እማሆይ ብቻ ናቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ሲሞቱ ያሏትን አልነገርከኝም እኮ።»

መሸሻ የለኝም። ተረጎምኩ። ከራሴ ምንም ሳልጨምር።

«‹ልጄ በዚህኛው ትመጣ ይሆን?› ነው ያሉት።»

ማንም አልሳቀም። ብርቱካን የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«በርበሬው ነው» አለች።

አዎ፣ በርበሬው ነው አልኩ። እኔም እኮ ዓይኔን ጠርጌያለሁ።

ንፍሮውን ሁሉም በላ፤ ተጥሎ አይጣል። ቻናሉ ማታ ያንኑ ክፍል ሲደግመው ከስመኝና ከብርቱካን ጋር ሦስታችን ቁጭ ብለን አየን። ልጄ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ተምራለች። ሰውዬው እኮ ስለ ጾም አላወሩም አለችኝ። እማሆይ እንዳይሰሙሽ ብዬ ለመንኳት። አልነግርም አለች፤ ግን ፈገግታዋን አላመንኩትም።

የእድሩ ደንብ ለአባልና ለቤተሰቡ እንጂ ለእንግሊዝ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ እንደማይከፍል አላምረው በአክብሮት አስረድቶኛል። ስለዚህ ድንኳኑ በእኔ ነው። ባቄላውና ስንዴው በጎረቤት ሴቶች፣ ያልተሠራው የሥራ ሰዓት በብርቱካን፣ ለግማሽ ቀን የተዘጋው ሱቅ በአላምረው።

እናንተን ዓመቱን ሙሉ ስመክር ከርሜ የራሴን ትምህርት በዚህ ዋጋ ገዛሁት፦ የሁላችንም ተደምሮ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር።

ልጄ ጋ ለመደወል የአምስት ብር ካርድ ይበቃኝ ነበር።