ከሩቅ የመታ ከቅርብ አይስትም

ሰነፍ ሰው አገር አያፈርስም። አገር የሚያፈርሰው የሚዘጋጅ ሰው ነው። ሰነፉ ቢያንስ ይተኛል፤ ጎረቤቱም በሰላም ያድራል። የሚዘጋጀው ግን አይተኛም፣ አያስተኛም። ገና ለገና ህዳር ላይ ብቅ ይል ይሆናል ለተባለ አጋዘን በግንቦት ወገቡን ይታጠቃል። በእኛ በሰሜን ዊስኮንሲን እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ አንድ ታድሏል። ሁለት የደረሰው መንደር ካለ እግዜር ይሁነው።

ለእኔ የደረሱኝ ሊቀ ቀስተኞች፣ የስፖንጅ አጋዘን ድል አድራጊ፣ ክቡር ኦርሊን ሃውገን ናቸው። ድሮ የወተት መኪና ይነዱ ነበር፤ ዛሬ ጡረተኛ ናቸው፤ ማለትም ሥራ የላቸውም፣ ቀስት ግን አላቸው። ጓሯችን ይዋሰናል።

ክቡርነታቸው የሚተኩሱበትን ርቀት የእሳቸው ጓሮ አልቻለውም። ምን መላ መቱ? የጋራዡን የፊትና የኋላ በር ይከፍቱና ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ። ከዚያ ፍላጻውን በጋራዡ ሆድ አሳልፈው፣ በባለቤታቸው በቬርና የቲማቲም መደብ ላይ አሻግረው፣ በእኔ ጓሮ ለዒላማ ወደቆመው የስፖንጅ አጋዘን ይሰዱታል። የእሳቸው አጋዘን በእኔ ጓሮ ምን ይሠራል ብላችሁ እንደሆነ፣ "ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ሩዲ" ብለው ነው ያስገቡት። ይኸው ግብር ሳይከፍል እየኖረ ነው።

ቬርና ስፖንጁን "ሟቹ" ትለዋለች። ደመና በጠቆረ ቁጥር "ኦርሊን! ዝናብ መጣ፣ ሟቹን አስገባው!" እያለች ትጮኻለች። አዲሱ ፖስተኛ ይህን የሰማ ዕለት ደብዳቤውን ጥሎ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ሟቹ ልቡ ባለበት ቦታ ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ አለው፤ አንድ ጸደይ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ሰውየው ይመታሉ። የሳቱት እንደሆነ ደግሞ የእኔ ዕቃ ቤት ግድግዳ አለ።

"ኦርሊን፣" አልኳቸው አንድ ቀን ፍላጻ ከግድግዳዬ እየነቀልኩ፣ "አጋዘኑ እኮ አውራ ጎዳና ላይ ቆሞ አይጠብቅህም። ጫካ ነው የሚገባው። በዚያ ሁሉ ዛፍ መሀል ይህን ያህል ርቀት ማን ያሳይሃል?"

"ሩዲ፣" አሉኝ፣ እንደ ነቢይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ከሩቅ የመታ ከቅርብ አይስትም።"

ይህች የሃይማኖታቸው አንቀጽ ናት። ጥርስ ሀኪም ወንበር ላይ ሆነው፣ አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ ሳይቀር ብለዋታል።

ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ሳሙና በቤታቸው የተወገዘ ነው። አጋዘን ሽታ ያውቃል፤ ስለዚህ ልብሳቸው የጥድ ቅጠል በሞላ በርሜል ውስጥ ይከርማል፣ እሳቸውም ዝናብ የነካው ጉቶ ጉቶ እየሸተቱ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። የሚቀመጡበት አግዳሚ ለእሳቸው ብቻ ይለቀቃል። ባለፈው ዓመት በስብከቱ መሀል የርቀት መለኪያ መነጽራቸውን ከኪሳቸው መዘዙና ፓስተር ኤግላንድ ላይ ደገኑ። "ሠላሳ አንድ ያርድ፣ ትንሽ ወደ ላይ" ብለው ለቬርና ሹክ አሉ። ፓስተሩ ሰሙ። ስብከቱ አጠረ። ምእመናኑ በጉዳዩ ላይ እስካሁን አልተስማሙም፤ ገሚሱ ያወግዛቸዋል፣ ገሚሱ በየሳምንቱ መነጽሩን መያዛቸውን ይጠይቃቸዋል።

በዚህ ሁሉ መሰናዶ ታዲያ ስንት አጋዘን ጣሉ? አንድም። ትግሉ እስካሁን የተካሄደው ያለ ምንም ደም ነው። ቬርና ለአጋዘን ሥጋ ብላ የገዛችው ትልቅ ፍሪዘር ዳቦና ሩባርብ የሚሉትን ጎምዛዛ አትክልት ሲያቀዘቅዝ አርጅቷል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ግን ቬርና አዋጅ አወጣች። እህቷ አሪዞና ነው የምትኖረው፤ በረዶ በማያውቀው አገር። አዋጁ በጓሮ ነው የታወጀው፤ እኔም አጥሩ ላይ ተደግፌ በነጻ ሰማሁት።

"ስማ ኦርሊን። ጉልበቴ ይህን ብርድ ከዚህ በላይ አይችልም። ዘንድሮም ባዶ እጅህን ከመጣህ ቀስቱ ይሸጣል፣ ቤቱም ይሸጣል፣ አሪዞና እንገባለን።"

"ከገደልኩስ?"

"ከገደልክማ ምን አደርጋለሁ፣ እዚሁ አብሬህ እደርቃለሁ።"

"እስከ መቼ ነው ቀጠሮው?"

"የጠመንጃ አደን ወቅት እስኪከፈት። ጠመንጃ ከተከፈተ በኋላ ያ ሁሉ ሰካራም ጫካውን ሲያምሰው አጋዘኑም አይገኝም፣ አንተም በሕይወት አትገኝም።"

ተጨባበጡ። እኔ በሆዴ እልል አልኩ። ዕቃ ቤቴን ለመቀባት የዚያኑ ዕለት ቀለም ገዛሁ።

የጠመንጃው ወቅት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ፣ በሬ ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ናቸው። ቀጥታ ከጫካ መምጣታቸው ነው፤ ቤታቸው እንኳ አልገቡም። ፊታቸው ጥቁርና አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል፣ በእጃቸው አንድ ፍላጻ ይዘዋል። ጫፉ ላይ ያለው ጭቃ ነው።

"መጣ፣ ሩዲ።"

"ማን?"

"አጋዘኑ ነዋ! ማማዬ ከተሠራበት ዛፍ ግርጌ፣ እግሬ ሥር። ሲያኝክ እሰማዋለሁ። ምራቄን ብተፋ ቀንዱ ላይ ነው የሚያርፈው።"

"እና?"

"ፍላጻው በሆዱ ሥር አለፈ።"

"ደንግጦ ሮጠ?"

"ቢሮጥ ምን ነበረበት! ፍላጻዬን አሽትቶ፣ ከዛፉ የረገፈውን ፍሬ ለቃቅሞ በልቶ፣ እንደ ሽማግሌ እያዘገመ ሄደ።"

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅኩት! ስድቤን ስዬ፣ ሞርጄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። "ከሩቅ የመታ..." ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀለም መሀል ሁለት ዓይኖች፣ አሪዞና ላይ ደርሰው የተመለሱ የመሰሉ ዓይኖች፣ አዩኝ። አንቱታው እዚያው አፌ ላይ ሞተ። ከዚህ በኋላ ሰውየው እሱ ነው።

"ጥፋቱ ገብቶኛል" አለ ወንበር ስስብለት። "ፍላጻው ከዓይን በታች ነው የሚቀመጠው። ሩቅ ሲሆን ፍላጻውና ዓይን መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አፍንጫህ ሥር ሲሆን ግን መቼ ይገናኙ? ለእግር ሥር ማነጣጠር ያለብህ በቀስቱ ማነጣጠሪያ በሩቁ ነጥብ ነው። አውቀዋለሁ እኮ! ግን ቁልቁል ተኩሼ አላውቅም። እጄ የለመደውን አደረገ።"

"ዕቃ ቤቴ ጣሪያ ላይ ውጣና ተለማመድ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ማን ነው ብዬ ዞር አልኩ። እኔው ነኝ።

ሟቹን ከግድግዳው ግርጌ አቆምነው። መሰላል አመጣሁ። ኦርሊን ከጣሪያው ጫፍ ቆመ፤ እኔ ከኋላ በርከክ ብዬ ቀበቶውን ያዝኩ። የመጀመሪያው ፍላጻ መሬት ገባ። ሁለተኛው የሟቹን ጉልበት ላጠው። ይህን ጊዜ ቬርና እጆቿን አጣምራ ወጣች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልምምድ" አልኳት።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ውረዱ አልል ነገር፣ እንዴት እንደምትወርዱም እንጃ።" ባሏን ከታች እስከ ላይ መዘነችው። "ደሞ በሸሚዝ ነው እንዴ ዛፍ ላይ የምትወጣው? በዚህ ህዳር?"

"አይ፣ በካፖርት ነው።"

"ታዲያ በካፖርት ተለማመዳ! ኋላ አውታሩ እጅጌህን ይይዝና ያንንም ትስተዋለህ።" ገብታ ካፖርቱን ይዛ መጣችና ወደ ጣሪያው ወረወረችው።

"ቬርና፣ አንቺ የማን ወገን ነሽ?" አልኳት።

"የአሪዞና። ግን ባሌ የሚሸነፍ ከሆነ ለብሶ ይሸነፍ።" በሩን ድርግም አድርጋ ገባች።

ኦርሊን ካፖርቱን ቆለፈ። አውታሩን ሳበ። እኔ ቀበቶውን ይዤ ማዶ ያለውን ጋራዥ አየሁ፤ ቤቱ ተሸጦ ታየኝ፤ ሁለቱም በሮቹ ተዘግተው፣ በረንዳው ላይ የማይታወቅ ሰው ተቀምጦ፣ አንድም ፍላጻ የማይሰድ፣ በሳሙና የታጠበ፣ ጨዋ ጎረቤት። ብርድ ብርድ አለኝ።

"ኦርሊን" አልኩት።

"ምን?"

"በእናትህ እንዳትስት።"

ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያዬ ላይ ነበርን። የሟቹ ጀርባ እንደ ወንፊት ሆኗል።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ጠመንጃ ይከፈታል። ኦርሊን ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። እኔ ኩሽና ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ፤ ማንም ሳይጠራኝ ቦት ጫማዬን አጥልቄያለሁ፣ አጋዘን የሚጎተትበትን ገመድም በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ምናልባት እንዲሁ ተሰቅሎ ይውላል። ሰው መቼም ይዘጋጃል እንጂ...

ስልኩ ጮኸ። ቬርና ናት። ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፣ አልለየሁም።

"አንተ ሰውዬ፣ መጥተህ ትጎትታለህ ወይስ እዚያው ስትሞነጭር ልትውል ነው?"