ወፍ ለማየት አባያ ዳር የወረዱ ሁለት ሽማግሌዎች

ደከመኝ ያለ ሰው መካሪ አያጣም። ራበኝ ብትሉ ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ እንዳለበት ትዝ ብሎት ከአጠገባችሁ ይበተናል። ደከመኝ ያላችሁ ዕለት ግን መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ መድኃኒት ያዝዝላችኋል። አንዱ የሽፈራው ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ ይላል። ሌላው ስኳር ተመርመር ይላል። ሦስተኛው ጸሎትህ ስለላላ ነው ይላል። ተኛ የሚል መካሪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

እኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከኮምቦልቻ ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ነው ብለውኝ ነበር፤ ሁለቱ ዓመት እነሆ ሃያ ሁለት ሊሞላው ነው። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው። ይሄ ደግሞ ምኑ ያደክማል ትሉኝ ይሆናል። አንዱን ፋይል ለስድስት ኃላፊ ስድስት ጊዜ አውጥታችሁ፣ ስድስት ጊዜ መልሳችሁ፣ ሰባተኛው ኃላፊ መጥቶ "ይህ ጉዳይ ለምንድን ነው ሳይንቀሳቀስ የቀረው?" ሲላችሁ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ዘንድሮ የካቲት ሲያልቅ ድካሙ ከጉልበቴ ተነሥቶ ዓይኔ ድረስ ወጣ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ መልሱ ከሩቅ ነበር የሚመጣልኝ።

ጎረቤቴ ጋሽ ማርቆስ ምክራቸውን ይዘው የመጡት ያን ሰሞን ነው። ጋሽ ማርቆስ የጉኑኖ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል። እሳቸው ግን ወፍ ማየት ጀመሩ። ልጃቸው የላከላቸው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አላቸው፤ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ሲሄዱ ጡረታ የወጡ ጄኔራል ይመስላሉ። መጋቢት ሲገባ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የመጡ ወፎች ወደ አገራቸው ለመመለስ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባሉ አሉኝ። እዚያ ጸደይ ሊሆን ነው አሉ። እዚህስ? ብዬ ጠየቅሁ። እዚህ በልግ ነው አሉኝ። በልግ ማለት ደግሞ፣ ጂኦግራፊ ያልተማረ ሰውም እንደሚያውቀው፣ ጭቃ ማለት ነው። ልከራከራቸው አፌን ስከፍት፣ ወፍ ማየት ምንም ጉልበት አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው ብለው ጨመሩ። "ዝም ብሎ መቀመጥ" የምትለዋ ነገር ገዛችኝ።

ቅዳሜ በማለዳ ተነሣን። እስከ ጠበላ ከተማ በሚኒባስ፣ ከጠበላ ወዲያ በባጃጅ። ባለባጃጁ ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ ብሎ ጠየቀን። ጋሽ ማርቆስ ወፍ ልናይ ነው አሉት። በመስታወቱ ውስጥ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየንና ሶዶ ውስጥ ወፍ ጠፋ እንዴ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ጭቃው ባጃጁን እምቢ ካለበት ቦታ ወርደን የቀረውን በእግር ተያያዝነው። ጾም ነው፣ ቆላው እየሞቀ ነው፣ ጫማዬ እያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ጭቃ ተሸክሟል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔን ግን መከራ ያገኘኝ ምክር ሰምቼ ነው።

ሐይቁ ዳር ደርሰን ደንገሉ አጠገብ ጋቢያችንን አንጥፈን ተቀመጥን። አባያ እንደ ወትሮው ቀይ ነው፤ ሸክላ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ወዲያ አየሁ፣ ወዲህ አየሁ። ወፍ የለም። የከተማ ልጆች ለባዶ ነገር ሁሉ "ወፍ የለም" ሲሉ የሰማሁትን ቃል በቁሙ አገኘሁት። ጋሽ ማርቆስ ግን ታገሥ አሉኝ።

ታገሥኩ። እውነትም ቀስ በቀስ መጡ። መጀመሪያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደንገሉ ጫፍ ላይ አረፈች፤ ሰማያዊነቷ ትርፍ ነበር፣ ለሦስት ወፍ ይበቃል። ከዚያ ሽመላዎቹ፣ ከዚያ ፔሊካኖቹ በሰልፍ። አንድ አባ ኮዳ ብቻውን ዳር ላይ ቆሞ፣ ራሰ በራ፣ ትከሻው የወደቀ፣ ማንንም የማይጠብቅ፤ የመሥሪያ ቤታችንን የቀድሞ ሒሳብ ሹም ቁርጥ። ራቅ ብሎ ጉማሬ ጆሮዋን ብቻ ብቅ አድርጋ አራገበችና ተመልሳ ሰጠመች። አልዋሻችሁም፣ የሆነ ነገር ከደረቴ ወረደ። ለስንት ወር ያልተነፈስኩት ትንፋሽ ያን ጊዜ ወጣ።

ጋሽ ማርቆስ በመነጽራቸው እያዩ ይናገራሉ፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሐይቅ ዳርም ያው መዝገብ ቤት ሆንኩላችሁ። የብዙዎቹን ስም ሁለታችንም ስለማናውቅ የጻፍኩት በቦታቸው ነበር፦ "ከግራሩ ወዲህ ሦስት፤ ከግራሩ እስከ ደንገሉ አሥራ አንድ፤ ከጉድጓዱ በስተግራ ሁለት ትልልቅ።" ይህን ልብ በሉልኝ፣ ዕዳ የሆነብን እሱ ነው።

ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማንና ዞርን። ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ሰዎች፣ ገሚሶቹ መቆፈሪያ እንደያዙ፣ በግማሽ ክብ ቆመውብናል። ከፊት ያለችው ነጠላዋን ወገቧ ላይ የታጠቀች ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ በኋላ እንዳወቅነው ስሟ አበራሽ ነው። ጋሽ ማርቆስ "ሳሮ" ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ሰጡ። ሰላምታው ተቀባይ አላገኘም። ምን እየለካችሁ ነው ተባልን። ጋሽ ማርቆስ ካፎ፣ ማለት ወፍ፣ እያየን ነው አሏቸው። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁልን ይሻለን ነበር።

አበራሽ እኔም እንድሰማ ብላ ወደ አማርኛ አዞረችው። አማርኛዋ "አንተ"ንና "አንቺ"ን ቢያቀላቅልም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያላለፈውን የኔን ወላይትኛ አስቤ አንገቴን ደፋሁ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ እኔ በሰው አገር መጮኹንም አልቻልኩበት።

"ያን ጊዜም ደብተር የያዘ ሰው መጣ" አለች። "ዓሣ ነው የማየው አለ። ሰውየው ሲሄድ፣ ዓሣ አይደለም፣ መሬት ነው የለካው የሚሉ ሰማን። አሁን አንተ ወፍ አልሽ።"

እንግዲህ ማን ይፈርድባታል? ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በመነጽር እያየ፣ አንዱ እየጻፈ፣ በቅዳሜ ማለዳ፣ በጭቃ፣ ወፍ ለማየት ከሶዶ ድረስ መጣን ሲሉ እናንተስ ታምኑ ነበር? እኔ ራሴ እዚያ ቆሜ ስሰማው አላመንኩትም። አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ደብተሩን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። "ከግራሩ እስከ ደንገሉ አሥራ አንድ" ሲል ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ግራሩ ለካ የአበራሽ ማሳ ድንበር ኖሯል።

ወደ ቀበሌ ተወሰድን። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን፤ ሰዎቹም ትተውን ከሄዱ እንጠፋለን ብለው አብረውን ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ያህል የዋርካውን ጥላ እየተከተልን ቦታ ቀየርን። እኔ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ትንሽ አንቀላፋሁ። ጥፋተኛ ቢሆን እንዲህ ባልተኛ ነበር ብሎ አንድ ሰውዬ እንደተከራከረልኝ ጋሽ ማርቆስ ኋላ ነገሩኝ።

ሊቀ መንበሩ ሲመጡ ረጋ ያሉ ሰው ሆነው አገኘናቸው። መታወቂያችንን አዩ፣ ደብተሩን አዩ፣ በመጨረሻ መነጽሩን ተቀበሉና ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ወደ ሐይቁ አዩ። ወደ ተራራው አዩ። ከዚያ ወደ ማሳዎቹ ዞረው ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። ወንጀላችንን ያገኙት መሰለኝ። መነጽሩን ሳያወርዱ በዝግታ እንዲህ አሉ፦

"አበራሽ፣ ማሳሽ ውስጥ ያለው ጦጣ ነው?"

ሁሉም ሮጠ። እኛም ሮጥን፤ ለምን እንደሮጥን አላውቅም፣ የሚይዘንም አልነበረም። ስንደርስ ጦጣዎቹ ግራሩ ላይ ወጥተው እያኘኩ ነበር። ከአራት ቀን በፊት የተዘራ በቆሎ ነው። ጦጣ መስመሩን ይዞ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቱ ያወጣል፣ ጅግራው ከኋላ እየተከተለ የቀረውን ይጭራል። አራት መስመር ተራ በተራ፣ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ሌሎቹ የየራሳቸውን ማሳ ሊያዩ ተበተኑ። አበራሽ ቁጢጥ ብላ ጣቷን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከተተች፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ውስጥ። ሦስተኛውን ተወችው።

አልጮኸችብንም። ብትጮኽብን ይቀለን ነበር። ጋሽ ማርቆስ ቀስ ብለው ሲጠይቋት የነገረቻቸውን ተረጎሙልኝ። የመጀመሪያው ዝናብ አታልሏት ዘርታ ፀሐይ አቃጥላባታለች። ይህ ሁለተኛው ነው፤ ዘሩን ያወጣችው ልጆቿ ሊበሉት ከቀረው ላይ ነው። ባሏ ለቀን ሥራ አርባ ምንጭ ሄዷል። አራት ቀን ሙሉ ከማሳዋ ሳትለይ ስትጠብቅ ሰንብታ፣ የተለየችው ዛሬ ብቻ ነው። የተለየችውም እኛን ለመያዝ ነው።

እንግዲህ ምን ይባላል? ወፍ ልናይ መጥተን ለወፉ ድግስ ደገስንለት። ጋሽ ማርቆስ ኮታቸውን አውልቀው ግራሩ ላይ ሰቀሉ። የቀረ ዘር እንዳላት ጠየቋት። ትንሽ አለኝ አለች። ካለሽ አንቺ ዝሪ፣ እኛ እንጠብቃለን አሏት። አበራሽ ቀና ብላ አየችንና በእጇ ማሳው መሀል ያለውን የእንጨት ማማ አሳየችን።

"ወፍ ማየት አይደለም የፈለግሽው?" አለችኝ። "እዚያ ላይ ውጣ። ደህና ይታያል።"

ወጣን። የማማው መሰላል ሦስት እንጨት ነው፤ እኔ ላይ ደርሼ ስንገዳገድ ጋሽ ማርቆስ ከታች "ወፌ ቆመች" አሉኝ። ወንጭፍና ቀዳዳ ጣሳ ተሰጠን። ጣሳውን ስደበድብ ጅግራው ይነሣል፣ ትንሽ ቆይቶ በሌላ በኩል ያርፋል። መጀመሪያ የወነጨፍኩት ድንጋይ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛው የት እንደሄደ አላውቅም። ጋሽ ማርቆስ በሰንበት ለመዘምራን የሚያወጡትን ድምፅ አውጥተው ጮኹ፤ ጦጣዎቹ ትንሽ አዳመጧቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መሮጥ እንዳለብን የገባን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዳችን ማማው ላይ፣ አንዳችን ማሳው ዳር እየሆንን፣ እየተፈራረቅን ዋልን። በመነጽሩ ሳየው ጅግራ ውብ ወፍ ነው፣ ላባው በነጭ የተነቆጠ፣ አንገቱ ሰማያዊ። ቀና ብዬ አበራሽ በጉልበቷ እየሄደች ፍሬ በፍሬ ስትተክል አያታለሁ። መልሼ ጅግራውን አያለሁ። ውበቱ አልጠፋም፤ እኔ ግን ድንጋይ ፈለግሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅላ ከዳታ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ድልህ ጋር ይዛ መጣች። ማማው ሥር ተቀምጠን በላን። ዳታው ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሥራህ ምንድን ነው አለችኝ። ወረቀት እጠብቃለሁ አልኳት፤ በአማርኛ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ቃል አጣሁ።

"ከምን ትጠብቃለህ?"

አሰብኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። "ከአይጥ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ታዲያ ያው ነው፣ የኔም እንደዚህ ነው አለች። ከኃላፊዎቼ ሁሉ ሥራዬን በቅጡ የተረዳልኝ ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል መስመሮቹ ሁሉ ተደፍነው አለቁ። ሊቀ መንበሩ ደብተራችንን መለሱልን፣ ስልክ ቁጥራችንንም ለማንኛውም ብለው ለአበራሽ አስጻፉላት። እኛም ድምፃችን ተዘግቶ፣ በምልክት እየተነጋገርን ሶዶ ገባን። የሚገርመው ያን ሰሞን እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አበራሽ ራሷ ደወለች። ያ የቀረው ዘር ጠፍቶ ቢሆንስ? በቆሎው በቅሏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መስመሩ ሁሉ ወጥቷል አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጋሽ ማርቆስን ልጠራ ስል፣ አንድ ነገር ግን አለ ብላ አስቆመችኝ። ምንድን ነው አልኳት።

"ጦጣዎቹ" አለች፣ "ከእናንተ ወዲህ ድንጋይ መፍራት ትተዋል።"