ልጅ የማይደርስበት እሽግ

በዚያ የግብር መሥሪያ ቤት ታሪክ ከማሸጊያ ቡድኑ የበለጠ ትጉ፣ ከማሸጊያ ቡድኑ የበለጠ ንቁ፣ ከማሸጊያ ቡድኑ የበለጠ ሙጫ የጨረሰ የሥራ ክፍል ተፈጥሮ አያውቅም። ቡድኑ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሱቅ ካገኘ ያሽጋል። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ካገኘ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ምን አስደነገጠው?" ብሎ ያሽጋል። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዶ ዝግ የሆነ ሱቅ ካጋጠመውም፣ ዝግ ሆኖ በመገኘቱ ያሽገዋል። በዚህ ቆራጥ እርምጃ ከመሥሪያ ቤቱ በር አንሥቶ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያለው ጎዳና ፀጥ ረጭ አለ። ልብስ ሰፊው ታሸገ። ጫማ ሻጩ ታሸገ። ፀጉር አስተካካዩ የታሸገው የአንድ ደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ወደ ሌላው ግማሽ ሊዞር ሲል ነው፤ ደንበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርኔጣ ማውለቅ ተወ።

የዚህ ሁሉ ድል ፍሬ በመክፈያ መስኮቶቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ግብር የሚከፍል ሰው ጠፋ።

ይህን ከሁሉ አስቀድማ ያየችው የመስኮት ሦስት ገንዘብ ተቀባይ ናት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ወይኔ" ነው የሚላት፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል ስሟን አስረስቶባታል። ወይኔ ክፉ ነገር ከመድረሱ በፊት የምትደነግጥ፣ ሳይደርስ ሲቀርም "ዘግይቶ ነው እንጂ አይቀርም" ብላ የምትደነግጥ ሴት ናት። ደረጃ ስትወርድ እንደምትወድቅ፣ ስትወጣ ደግሞ ደረጃው እንደሚወድቅ ታስባለች። ባሏ ስልክ ካላነሣ አንድ ነገር ሆኗል፤ ቶሎ ካነሣ ደግሞ "ምነው ቶሎ አነሣህ? ምን ሆነህ ነው?" ትለዋለች።

ከስጋቶቿ ሁሉ ትልቁ ስጋት ግን የመጨረሻ ልጇ ናት። ልጅቷን ድንቡሼ ይሏታል፤ ጉንጯን ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ድንቡሼ የምትውለው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው የሕፃናት ማቆያ ክፍል ነው። ያ ክፍል የተገኘው የመሥሪያ ቤቱ እናቶች ስንት ደጅ ጠንተው፣ ስንት ማመልከቻ ጽፈው፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸው አድገው ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ሲቆርጡ "ዛሬ የከፈትነው በር የልጆቻችን ብቻ አይደለም፤ የገቢያችንም በር ነው!" ብለዋል። ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሁሉ አጨብጭቧል፤ ያላጨበጨበ አልነበረም።

ክፍሉ ቀድሞ የማኅተም ማስቀመጫ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ማኅተም የሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን ጥበቃዎቹ ሁሉ ተባብረው ቢገፉት አልነቃነቅ ስላለ፣ ከሕፃናቱ ጋር አብሮ እንዲውል ተወሰነ። የታሸገ ቤት የሚከፈተው ያ ማኅተም በመክፈቻ ፈቃዱ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ወይኔ በምረቃው ቀን ቁም ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "ወይኔ! ይሄ ነገር ልጆቹን ጉድ ያደርጋቸዋል" አለች። ሥራ አስኪያጁ ሣቁባት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ስብሰባ ተጠራ።

"የማሸግ ዕቅዳችን" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ "በአንድ ጎድሏል። አንድ! ይህን የበላይ አካል ቢጠይቀን ምን ዓይን አለን?"

የማሸጊያ ቡድኑ መሪ ተነሣ። ይህን ሰው ሙጫው ይሉታል፤ እጁን የጨበጠ ሰው ለመላቀቅ ትንሽ ይቸገራል።

"ጌታዬ፣ የሚታሸግ አልቀረም እኮ።"

"አልቀረም ማለት?"

"ያሸግነውን ደግመን ካላሸግን በቀር።"

"እሱ ባለፈው ወር ተሠርቶበታል።"

በዚህ መሐል ወይኔ እጇን አወጣች። "የሠራተኞች ስጋት" የሚባል አጀንዳ በእያንዳንዱ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ስብሰባው እዚያ ሳይደርስ የሻይ ሰዓት ስለሚደርስ ማንም አይቶት አያውቅም።

"ጌታዬ፣ እኔን የሚያሳስበኝ፣ ሱቁ ሁሉ ከታሸገ ማን ሠርቶ፣ ማን ሊከፍለን ነው?"

"እህቴ፣ ስጋትሽን በጽሑፍ አቅርቢ።"

"አቅርቤያለሁ።"

"ካቀረብሽ ታዲያ ለምን በቃል ትደግሚዋለሽ?" አሉና ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። "ጓዶች፣ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ብቻ ማየት ልማድ ሆኖብናል። እስቲ አንዳንዴ ወደ ውስጣችን እንመልከት!"

ሌላው ሠራተኛ ይህን ንግግር እንደ ንግግር ሰማው። ሙጫው ግን መመሪያ አድርጎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

በማግስቱ ሙጫው በኮሪደሩ ሲንጎራደድ ቆየና የሕፃናቱን ሞግዚት አስቆማት።

"እህት፣ ለሳሙና ከእናቶቹ ገንዘብ ትሰበስቢያለሽ አሉ?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ደረሰኝ ትሰጫለሽ?"

"ለሳሙና?" ሣቋ መጣ። "ልጆቹ ታጥበዋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ደረሰኝ አለ?"

ሙጫው አልሣቀም። የሚሥቅ ሰው ዕቅድ አያሟላም።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ተኙ። መጋረጃው ተጋረደ። ሞግዚቷ ውሃ ልትቀዳ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ግቢው ቧንቧ ወረደች። ቡድኑ ያን ጊዜ በኮሪደሩ በሰልፍ መጣ፤ አንዱ ወረቀት፣ አንዱ ብሩሽ፣ ሙጫው ሙጫውን ይዟል። በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩ። መልስ የለም። አንዲት የእሽግ ወረቀት ከበሩ ወደ መቃኑ አሻግረው ለጠፉና ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አደረጉ፦ "እርምጃው በሰላም ተጠናቅቋል። በውስጥ ያሉት ግለሰቦች ምንም ተቃውሞ አላሰሙም።"

ሞግዚቷ ስትመለስ የለቀቀችው ጀሪካን ድምፅ መስኮት ሦስት ድረስ ተሰማ። ወይኔ የጀሪካን ድምፅ ነው ብላ አላሰበችም። ቁም ሣጥኑ ነው አለች በልቧ፤ ወደቀ! ወንበሯን ገልብጣ በረረች።

ኮሪደሩ በሠራተኛ ተሞላ። በሩ ላይ እጅ የማታክል ወረቀት ተለጥፋለች፤ ሙጫዋ ገና አልደረቀም፣ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ከውስጥ መጀመሪያ አንድ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም።

"ንቀለው!" አለች ወይኔ።

"እታለም" አለ ሙጫው በትሕትና፣ "የተሰጠኝ ሥልጣን የመለጠፍ ነው። የመንቀል የለኝም።"

"የመንቀል ሥልጣን ያለው ማን ነው?"

"የታሸገው ግለሰብ ያመለክታል፣ ኮሚቴው ይወስናል፣ ከዚያ ማኅተም ይመታበታል።"

"ማኅተሙስ የት ነው?"

ሙጫው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ሌላውም ሠራተኛ ወደ በሩ ዞረ።

ሥራ አስኪያጁ ደረሱ። እንደ ኃላፊ የጉዳዩን ሥር ለመያዝ ፈለጉና፣ "ለመሆኑ ሪፖርት ውስጥ ገብቷል?" ሲሉ ጠየቁ።

"ገብቷል፣ ጌታዬ። ወደ በላይም ተልኳል።"

"እንግዲያው ከእጃችን ወጥቷል።"

"ጌታዬ፣ ልጄ እኮ ናት!" አለች ወይኔ። "ልጄ ውስጥ ናት! ወረቀት ናት እኮ፣ እርጥብ ወረቀት!"

"ስሜትሽን እንጋራለን፣ እህቴ። ግን ወረቀቷ ዛሬ ብትቀደድ ነገ የሕግ የበላይነት ምን ይሆናል?" ወደ ሕግ ባለሙያው ዞሩ። "እስቲ አንተ ንገራት።"

የሕግ ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሽግ የቀደደ ማንኛውም ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ከሥራም ይሰናበታል። ለእናት የተለየ አንቀጽ የለም፤ ፈልጌ ነበር።"

ወይኔ ወረቀቷን አየች። መባረሯ ታያት። መታሰሯ ታያት። ባሏ ከልጆቹ ጋር ብቻውን ቀርቶ ሸሚዙን ተኩሶ መልበስ ሲያቅተው ታያት። ዕድሜዋን ሙሉ የሚመጣውን ክፉ ነገር ስትቆጥር የኖረች ሴት፣ በዚያች ቅጽበት ግን ከበሩ ወዲያ ካለው ለቅሶ የባሰ ነገር ብትፈልግ አጣች። "ወይኔ" ማለቷንም ረሳችው። እጇን ሰደደች።

ጣቷ ወረቀቷን ሳይነካ በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ።

ለልጅ መክፈት ማለት እጀታውን መሳብ ነው። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ያን ያህል የተማረ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይህን ያሰበ አልነበረም። ወረቀቷ ቸርር ብላ ተቀደደች። ድንቡሼ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ አድርጋ፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ ከበሩ መሐል ብቅ አለች። ግማሹ እሽግ እጅጌዋ ላይ ተጣብቋል።

ሠራተኛው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለ ሙጫው።

"ሽንቴ መጣ" አለች ድንቡሼ።

ወይኔ ልጇን አንሥታ ሮጠች፤ የልጅቷ ችግር ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ስትመለስ መሪዎቹ እዚያው ኮሪደር ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ጥፋተኛ ከተባለች መሥሪያ ቤቱ ሕፃናትን ማሸጉ በምርመራው ይወጣል። ጥፋተኛ ካልተባለች ደግሞ እሽጉ ማን ቀደደው ሊባል ነው? ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኑ። ያዳናቸው የሕግ ባለሙያው ነው።

"ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በቀደደው እሽግ ተጠያቂ የለም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

"ይጻፍ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ለግልጽነት ሲባል ውጭ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ!"

"ወይኔ!" አለች ወይኔ፣ ቃሏ ተመልሶላት። "ጌታዬ፣ ውጭስ አትለጥፉት።"

"ለምን?"

"ሰው ያነበዋል።"

"እንዲነበብ አይደል እንዴ የምንለጥፈው!" አሉና እንደ ምረቃው ቀን ሣቁባት።

በማግስቱ ጠዋት ወይኔ ድንቡሼን ታቅፋ ከአውቶቡስ ስትወርድ ጎዳናው የልጆች ቀን የሚከበርበት ይመስል ነበር። ልብስ ሰፊው ሴት ልጁን እጇን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ "በይ የእኔ እመቤት፣ ያቺን ወረቀት ታያታለሽ? አይዞሽ፣ ሳቢያት" ይላል። ጫማ ሻጩ መንትዮቹን አምጥቶ በአንድ እሽግ ሲጣሉበት ይገላግላል። ልጅ ያልወለደው ፀጉር አስተካካይ የእኅቱን ልጅ ተውሷል፤ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬም አጠገቡ ቆሞ ልጁን በከረሜላ ያበረታታል። አባቶች ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ሰማይ ያያሉ። ሱቆቹ ተከፈቱ። ገበያው ደራ። ከቀናት በኋላ በመስኮት ሦስት ፊት ለፊት ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ፤ ሰዎቹ ሠርተዋል፣ ሊከፍሉ መጥተዋል። ወይኔ ቀና ለማለት እንኳ ፋታ አጣች።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ።

"ሳይታሸጉ ይከፍላሉ? ይሄ ንቀት ነው!"

በዚያው ቀን አዲስ መመሪያ ወጣ። መመሪያው አጭርና የማያሻማ ነበር፦ ከእንግዲህ ማንኛውም እሽግ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ላይ ብቻ ይለጠፋል፤ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችልም ታሳቢ ይደረጋል። ለማሸጊያ ቡድኑ መሰላል ተገዛለት። ሙጫው ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ።

አሁን ያን ጎዳና ያየ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ይኮራል። በየሱቁ አናት፣ ከበሩ ጉበን በላይ፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ የእሽግ ወረቀት አለ። ከእሽጉ ሥር በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ልብስ ሰፊው ይሰፋል፣ ጫማ ሻጩ ይሸጣል፣ ፀጉር አስተካካዩ የጀመረውን ይጨርሳል። የማሸግ ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል። የገቢ ዕቅዱም ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል። የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ሽልማት ለሥራ አስኪያጁ፣ ትንሹ ለመሰላሉ... ማለቴ ለሙጫው ተሰጥቷል።

የሕፃናት ማቆያው ክፍልም አልቀረም፤ በመመሪያው መሠረት ከበሩ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ታሽጓል። ወይኔ በየጠዋቱ ድንቡሼን አስገብታ ከመሄዷ በፊት ቀና ብላ ታያለች።

"ወይኔ!" አለችው አንድ ቀን ሙጫውን። "ያ ወረቀት ወድቆ ልጆቹን ጉድ ቢያደርጋቸውስ?"

"አታስቢ፣ እታለም" አለ ሙጫው፣ ልጆቹ በእግሮቹ መሐል እየተሽሎከሎኩ በክፍቱ በር ሲወጡ መንገድ እየለቀቀላቸው። "እኔ ያሸግኩት በር እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም።"