ለማርታ የተጠቀለለው ጉርሻ

መቐለ ውስጥ ልጅ ይዛችሁ ድግስ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው አጉራሽን ታውቁታላችሁ። ክፋት የለበትም፤ ፍቅሩ በዝቶ እስከ እጁ ደርሶ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አይሆንም» ማለት እንዴት ይቻላል?

የእህቴ ልጅ ማርታ እንቁላል ከቀመሰች ጉሮሮዋ ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ክሊኒክ ያለችው ነርስ ለእህቴና ለባሏ ስለ መድኃኒቱ ካስረዳች በኋላ፣ «አሁን እኔ አጉራሽ ነኝ፤ ከልክሉኝ» አለቻቸው። የእህቴ ባል፣ የተከበረ የሒሳብ መምህር፣ ነርሷ ገና «በሞቴ!» ስትለው የራሱን አፍ ከፈተ። እህቴ ግን ቤት እስኪደርሱ መንገዱን ሁሉ «አይሆንም» ማለትን ስትለማመድ ሄደች።

ባለፈው እሑድ ከምማርበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቼ አብሬያቸው ክርስትና ሄድኩ። ሁሉም «አደይ»፣ እናቴ፣ የሚሏቸው ጎረቤታቸው ለተብርሃን ዶሮ ወጡን ከነእንቁላሉ ጠቅልለው ወደ ማርታ ዘረጉ።

«አይሆንም፣ አደይ፤ እንቁላል ያሳምማታል» አለች እህቴ።

«ዋይ ጓለይ፣ ልጄ! በእኔ እጅ? ትንሽ ናት፣ በሞቴ!»

«በእርስዎም እጅ አይሆንም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ታዲያ የተጠቀለለ ጉርሻ በሰው ፊት ወደ ትሪ ይመለሳል? እህቴ ማርታን ከኋላዋ አድርጋ የራሷን አፍ ከፈተች። አደይ አጎረሷት፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ «ለዚች ልጅ እንቁላል የሚሰጥ ከእኔ ጋር ይጣላል!» አሉ።

እህቴ አፏ እንደ ሞላ እጅ ነሳች። እኔ ግን አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ «እህቴ ናት» እያልኩ ነበር።