ጋሽ ታደሰና ትንሿ መስኮት

ባለሙያ የጫነላቸውን ነገር በጣታቸው እንኳ የማይነኩ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የቀበናው መሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ጋሽ ታደሰ እንደዚያ ነበሩ። አሮጌው የመዝገብ ፕሮግራም የሚሠራው ኮምፒውተራቸው ውስጥ በተጫነ፣ ቨርቹዋል ማሽን በሚባል የኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚከፈተው መስኮቱ ፖስታ ካርድ ያክላል፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገታቸውን አስግገው አነበቡት። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ታላቅን ማረም ነውር መስሎኝ፣ ከጎናቸው ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ማመልከቻ አሳዩኝ። «ዓይኔ ከዳኝ ልጄ፤ ሥራውን ልለቅ ነው።»

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይነሱልኝ» አልኩና ሪዞሉሽኑን፣ የምስሉን የነጥብ ብዛት፣ ዝቅ አድርጌ መስኮቱን በስክሪኑ ሙሉ ዘረጋሁት። ፊደሎቹ ባቄላ አከሉ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ወልውለው ደጋግመው አዩት። ከዚያም ማመልከቻውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ይህን መቼ ተማርሽው?»

የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነበር።

«ትናንት» አልኳቸው።