ጋሽ እንድሪስ ደጅ ላይ ስለ መቆም

እንኳን መጣህ! ከመቀመጥህ በፊት እስኪ ይችን የኋላ ጎማ በእጅህ ግፋት። ዞረች? አሁን ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለችውን። አየህ፤ አንዷ እንደ ሚዜ ትሽከረከራለች፣ አንዷ ገና ሳትነካት ታኮርፋለች። ሁለቱ እኩል እስኪያኮርፉ ድረስ ማጥበቅና ማላላት፣ ማላላትና ማጥበቅ ነው። ፍሬን ማመጣጠን ሁለት ጣውንት እንደ ማስታረቅ ያለ ሥራ ነው፤ ለአንዷ ስታደላ ሌላዋ ከመንገድ አውጥታ ማሽላ እርሻ ውስጥ ትከትሃለች።

ልብ ብለህ ታውቅ እንደሆነ፣ አገራችን ስለ መሄድ እንጂ ስለ መቆም አይመክርም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉሃል። እሺ፣ ሄደ እንበል። ከሄደ በኋላ በምን ይቆማል? እዚህ ላይ አባቶች ዝም። የኛ ሜዳም ያው ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ እንደ ሰሌን የተዘረጋ አገር፤ ነዳጅ ስትሰጠው የሚሄድ ነገር ስትከለክለው በራሱ ጊዜ ይቆማል፣ እሱም እንቢ ካለ መንገድ ላይ የተንጣለሉ ግመሎች ያቆሙታል። እኔም ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ብየዳ ቤት የገባሁ፣ ከብየዳ ቤት ወጥቼ ባጃጅ የያዝኩ፣ ከባጃጅ ወርጄ ሽንኩርት የነገድኩ ሰው ነኝ። መቆም የሚባል ነገር ያስፈልጋል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

እስከ ጋሽ እንድሪስ ድረስ።

ጋሽ እንድሪስ የሀያት አባት ናቸው። ሀያት ደግሞ... ሀያት ናት፤ ስለሷ ከጀመርኩ ይመሽብናል። ቤታቸው ወደ ሮቢት መውጫ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው። ልጃቸውን ላስጠይቅ እንዳሰብኩ ከሰው ሰምተው ኖሮ መስጊድ በር ላይ ያዙኝ።

«ሽማግሌ እንዳትልክብኝ» አሉኝ። «መሄዱንስ ትችልበታለህ፤ መቆም ነው ያቃተህ። ያ ግቢህ ውስጥ የምትቀጠቅጠው ብረት መኪና ከሆነ፣ እኔኑ ይዘህ ሂድና ደጄ ላይ አቁመው። ያኔ ወሬ ይኖረናል።»

ሌላው አማት፣ ቤት ይጠይቃል፣ በሬ ይጠይቃል። እኔ ፍሬን ተጠየቅኩ።

መኪናዋ ሞተሯ የባጃጅ ነው፤ አጥንቷን እኔው የበየድኩት፣ ጎማና ፍሬኗን ከወደቀች አሮጌ መኪና የፈታሁት። ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ የጣውላ አግዳሚ አላት። አሠራሩን የተማርኩት ስልኬ ላይ ካለ አንድ ፈረንጅ ነው። ሰውዬው ፍሬን ስትሞክር ሰው በሌለበት መንገድ፣ ብቻህን ሆነህ ነው ይላል። እስኪ በሞቴ፣ ቆቦ ውስጥ ሰው የሌለበት መንገድ የት አለ? ባዶ ወንበር ይዘህ ሰው ካለፍክ እኮ ወይ ተጣልተሃል ወይ ኮርተሃል። ገና ሞተሩ ሲያስል የብየዳ ቤት ጓደኛዬ ደርቤ ከነሦስት ጎረምሳው ኋላ አግዳሚው ላይ ጉብ! ደርቤ ብቻውን አንድ ኩንታል ማሽላ ያህላል። ስይዝ ስለቅ፣ ስይዝ ስለቅ፣ እነሱ ከኋላ ሆነው ይፈርዳሉ።

«የኋላው ፍሬን ሰነፍ ነው፤ አጥብቀው!» ይላል ደርቤ። አጠብቃለሁ።

«አሁንም ይለግማል!» አጠብቃለሁ።

በመጨረሻ ሶላት ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች። አልሃምዱሊላህ አልን።

ቀኑ ደረሰና ከጁምዓ በኋላ ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው መጡ። ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ደርቤ ዘሎ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ምነው?» አልኩ።

«አንተ አደብ የለህም እንዴ? እሳቸው ከፊት ተቀምጠው እኛ ከኋላቸው እግራችንን ልናንጠለጥል? በእግራችን እንከተላለን።»

እውነቱን ነው ብዬ ልቤ ሞላ። ቢስሚላህ ብዬ ነዳሁ። እንዲህ ቀልላ ሄዳ አታውቅም! ደጃቸው ስንደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ የማውቀውን ሻርፕ አየሁ። ፍሬኑን ረገጥኩ።

የመኪናዋ ፊት ሰማኝ። ኋላዋ ግን ጎማዋን ጭብጥ አድርጋ እየተንሸራተተች ፊቷን ልትቀድም ተነሳች። ሰማይና የበለስ አጥር ቦታ ተለዋወጡ። አቧራው ሲገለጥ ደጁ ላይ ቆመናል፤ ፊታችን ግን ወደ መጣንበት ዞሯል።

ግራ ገባኝ። ያው ፍሬን፣ ያው እግር፣ ያው እኔ። ሰው ሲጭን ጨዋ፣ ሽማግሌ ሲያይ እብድ የሚሆን ፍሬን ሰምተህ ታውቃለህ? ሰው ነው እንጂ እንዲህ የሚሆነው! ደርቤ እያለከለከ ደረሰና ራሱን ይዞ ጮኸ።

«አንተ! እኛ ነን እኮ! ያጠበቅከው እኛ ላይዋ ተቀምጠን ነው፤ ስንወርድላት ኋላዋ ቀለለና መሬቱን አልቆነጥጥ አለ!»

አደብ ሰውዬውን ሊገድላቸው ነበር፤ ይኸው ነው።

ጋሽ እንድሪስ አልወረዱም። ከጥምጣማቸው ላይ አቧራውን ቀስ ብለው አራገፉ።

«ቆመ?» አሉ።

«ቆሟል ጋሼ።»

«ወዴት ዞሮ?»

ከበሩ ኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። እሳቸው ወርደው ባዶውን አግዳሚ አዩ፣ ደርቤን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ እኔን። የተናገሩት ቁጣ ይሁን ፈቃድ እስካሁን አልለየልኝም። አሁን የኋላ ፍሬኑን የምነካካውም ለዚሁ ነው፤ ስድብ ከሆነ ለባዶ ላላላው፣ ምርቃት ከሆነ እንዳጠበቅኩት ልተወው። ቃላቸውን ልንገርህና አንተው ፍረደኝ። በሩን ገፍተው ሊገቡ ሲሉ ዞር ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ባዶዋን የማትቆም ከሆነች፣ ሽማግሌ ጭነህባት ና።»